በቁንጥጫ የተወሰደ እርሾ፦ የመምህርት ፑንግማ ኔምባንግ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ፑንግማ ኔምባንግ ከአባታቸው ከአቶ ጃስሃንግ ኔምባንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳንማያ በእኛ በኔፓላውያን አቆጣጠር በ2010 በምሥራቅ ኔፓል በፊዲም አቅራቢያ ተወለዱ። እናታቸው የዳጉሳ መጠጣችን የቶንግባ እርሾ የሆነውን ጥፍጥፍ፣ ማርቻን፣ በመሥራት የታወቁ ነበሩ። ክፉ መንፈስ እንዳይቀርበው ለማርቻ በሚወቀጠው ሩዝ ላይ በርበሬና ከሰል ይቀመጣል፤ ትንሿ ፑንግማ ግን ባይኖር ምን ይሆናል ብለው በርበሬውን አንስተው ጥሩ አድርገው ተገርፈዋል።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስማቲ «የዳንማያን እርሾ ሰረቀች» ተብለው ስማቸው ጠፍቶ ነበር። የሁለቱ ቤት ቶንግባ ጣዕሙ አንድ ነበርና፣ ወሬውን ያስነሡት ወይዘሮ ዳንማያ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አስማቲን ለሠርግ ማርቻ የሚያዛቸው ሰው አልተገኘም።

መምህርት ፑንግማ በካትማንዱ በሥነ ሕይወት ተመርቀው፣ በ2036 ከአቶ ቴጅሃንግ ሴሊንግ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ሳንግማን ወለዱ። ባለቤታቸው «የእኔ ሚስት ከመጠጣቷ በፊት የቶንግባውን ዘር ትጠይቃለች» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

እያስተማሩም ከጫካ ከባሉጥ ዛፍ ቅርፊት የዱር እርሾ፣ ከየቤቱ ደግሞ ለማዳ እርሾ ሰበሰቡ። የዱሩ ብርድና ረሃብ ችሎ ይከርማል፤ የቤቱ ግን ያለ ሴት እጅ አይሰነብትም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍም በየቤቱ ጥቂት በጥቂት ይለወጣል።

በ2070 ስርቆቱን ሊያረጋግጡ ከእናታቸው የወረሱትን እርሾ ከአስማቲ እርሾ ጋር አስተያዩ። በአስማቲ ጥፍጥፍ ብዙ ዓይነት ዘር ተገኘ፤ በእናታቸው ግን ከዚያው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ። ከብዙ ላይ በቁንጥጫ ሲወሰድ እንዲህ ይሆናል። የወሰዱት እናታቸው ነበሩ።

መምህርት ፑንግማ አፈሩ፤ አለቀሱም። እንደ ባህላችን የአሳማ ሥጋና አረቄ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ።

እማማ አስማቲም «ዛሬ ገና አወቅሽ እንዴ? እናትሽ ስትቆነጥር በቀዳዳ እያየኋት ነበር እኮ! አዲስ ሙሽራ ናት፣ የአማቷ እርሾ በእጇ ሞቶባታል፤ ምን ልበላት?» አሏቸው።

«ታዲያ ሌባ ሲሉዎት ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር አማቷ ታባርራት ነበራ! አንቺስ የት ትወለጂ ነበር?»

መምህርት ፑንግማ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በ2081 በመንግሲር ወር ዐረፉ። «የእማማ አስማቲ ስም የጠፋው በሰው ፊት ነው፤ የሚመለሰውም በሰው ፊት ይሁን» ሲሉ አደራ ሰጥተውናል። ስለዚህ ቤተሰቡ ዛሬ በፊታችሁ ይናገራል፦ እማማ አስማቲ አልሰረቁም። የሰረቅነው እኛ ነን።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪያችን ታገራ ኒንግዋፉማ ነፍሳቸውን ከአያቶቻቸው ጋር ታሳርፍልን፤ ከፊታችን ለተቀመጡት ለእማማ አስማቲም ዕድሜ ትጨምርልን።