ለውሃ በር የተዉ ግንበኛ

ዛሬ የምንሸኛቸው አባት የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው አንድ ንግግር ሰምተው ነበር። እናታቸው የጓሮውን የድንጋይ ግንብ የሠራውን ሰው፣ «የግንቡ ሆድ ገፍቷል እኮ» ይሉታል። ሰውየውም፣ «ሲሚንቶ አልሰሰትኩበትም እመቤቴ፤ ንቅንቅ አይልም» ይላል። ከዚያ ከእናትና ከአባታቸው አንዳቸው፣ «ውሃውስ በየት ይውጣ?» ብለው ጠየቁ። የትኛቸው እንደሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ለይተው አላስታወሱም፤ አንድ ጊዜ እናቴ ናት፣ ሌላ ጊዜ አባቴ ነው ይሉ ነበር። ግንበኛው ያደረገውን ግን አልረሱም፤ ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለና ግንቡ ወጥ ቤቱ ላይ ተናደ። በፈጣሪ ቸርነት እናታቸው የጎረቤት ቀሚስ ሊለኩ ወጥተው ስለነበር ከድስት በቀር የተጎዳ አልነበረም።

እኚህ አባት ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለታናሽ ወንድማቸውና ለታናሽ እህታቸው የበኩር ወንድም ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1962 ዓ.ም. ድንጋይ በመሸከም ሥራ ጀመሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ መሮና ቱንቢ ጨብጠው፣ ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሁሉ ግቢውን ለመደገፍ የሚፈልጋቸው ግንበኛ ሆኑ።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ግቢውን ዝናብ ሲዘንብበት ሳያዩ ሥራ አይቀበሉም። ጃንጥላ ይዘው ጭቃው መሃል ይቆሙና ውሃው በየት በየት እንደሚወርድ ይመለከታሉ። ትልልቁን ድንጋይ ከመሬት በታች ይቀብራሉ፤ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላሉ፤ ግንቡንም ወደ ተዳፋቱ ዘመም ያደርጉታል። «ቱንቢህ ተበላሽቷል» ለሚሏቸው፣ «ኮረብታ የሚያህል ነገር ቀጥ ብለህ አትጋፈጠውም፤ ደገፍ ትለዋለህ እንጂ» ይሉ ነበር። በየሁለት እርምጃው ለውሃ ቀዳዳ ስለሚተዉ የሠፈሩ ሰው «ጋሽ ሽንቁር» አላቸው፤ እርሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት በመጀመሪያው ዝናብ ደውለው፣ «ጋሼ፣ ግንብዎ እያለቀሰ ነው» ቢሏቸው፣ «እሰይ፤ ማልቀሱን ያቆመ ዕለት ይደውሉልኝ» አሏቸው።

በ1971 ዓ.ም. በአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ግቢ ዝናብ ለማየት ሃያ ሦስት ቀን ተመላለሱ። ሰማዩ ጠብታ ነፈገ። ፖስተኛውም በመጨረሻ፣ «ይህ ሰው የሚጠብቀው ዝናቡን ነው ልጄን?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱንም ነበር። ዝናቡ የመጣው ከልጅቱ ጋር በቃል ኪዳን ከተሳሰሩ በኋላ ነው። ከውድ ባለቤታቸው ጋር አርባ ስድስት ዓመት በፍቅር ኖረው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አፍርተዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ቱንቢያቸውን ተረክባ ዛሬ የራሷን ግንበኞች ታሠራለች።

ሰባ ሁለት ግንብ ሠሩ፤ አንድም አልተናደም። በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ቀጭን ብረት ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ ሽንቁሮቹን ይጠርጉ ነበር፤ ማንም ሳይጠራቸው።

ዕረፍት የነሳቸው ለታናሽ ወንድማቸው የሠሩት ግንብ ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. ወንድማቸው ከሽንቁሮቹ የሚወርደው ውሃ ግንቡን ዝንጉርጉር አደረገብኝ ብለው ቀዳዳዎቹን ደፍነው ነጭ ልስን አስለሰኑት። ከግንቡ ሥር ደግሞ የእህታቸው መኝታ ቤት አለ። ታላቅየው በየዓመቱ እየሄዱ የእብጠቱን ልክ በሲባጎ ለክተው ቋጠሮ ያስሩ ነበር፤ ቋጠሮውም በየዓመቱ ከጫፉ እየራቀ ሄደ። «ወንድም ጋሼ፣ በገዛ እጅህ የገነባኸውን አታምነውም እንዴ?» ታናሽየው ሲሏቸው፣ «ድንጋዩን አምነዋለሁ፤ ውሃውን ግን እኔ አልሠራሁትም» ይሏቸዋል። ነገሩ በዚያው ይቀራል። እህታቸው አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጡ።

የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት በ2017 ዓ.ም. ለአምስት ወር የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ወንድማቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ታላቅየው ሲባጎውን ከትራስ ሥር አውጥተው ሰጧቸው። ወንድማቸው ቋጠሮዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ሲባጎውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ፣ «መሮህ የት ነው ያለው?» አሉ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሲፈለፍሉት ውሃው የክንድ ውፍረት አክሎ ወጣ፤ የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ አየ። ወንድማቸው ከነጭቃቸው እስከ አልጋው ድረስ ገቡ። «መልኩ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋቸው ታላቅየው። «ጠዋት ድፍርስ ነበር፤ አሁን ጠርቷል።» «እንግዲያው ግንቡ ይቆማል» አሉ። በዚያው ቀን እህታቸው አልጋቸውን ወደ መኝታ ቤታቸው መለሱ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል በሰላም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸውና ወንድማቸው አሉ። ለውሃ ሁሉ መንገዱን የሰጠ አምላክ የነፍሳቸውን መንገድ ያቅናላቸው፤ ለቀሩትም እንባቸውን የማይደፍን መጽናናት ይስጣቸው።

ሽንቁሮቹን በየዓመቱ የመጥረጉን ሥራ ማን ይረከባል ለሚለው፣ ታናሽ ወንድማቸው ትናንት ቀጭኑን ብረት ከደጃፉ አንሥተው ተስማምተዋል። ሰባ ሁለቱንም ሊዞሩ ነው፤ የሚጀምሩትም ከራሳቸው ግንብ ነው።