የጆናስ ወንበር

ጆሃንስበርግ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለፍሬገነት፣

እንደምን አለሽ? ሆድሽስ እንደምን አለ? እኔ አጎትሽን ደጉን እያበሸቅሁ በደህና አለሁ። «በስልክ ድምፅህን ላክልኝ» ትያለሽ። ደጉ ጆሮውን አሹሎ አጠገቤ ቆሞ ምን እላለሁ ብለሽ ነው? ደግሞ ይህ ጉንፋን ጉሮሮዬን ይዞ አልለቅ ብሏል፤ ስስል ሰምተሽ ከምትጨነቂ ወረቀት ይሻላል። ማስተዋል የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሰኞ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ እሷ ታደርስልሻለች።

ወደ ነገራችን ልግባ። ባልሽ ዮፍታሄ ሳትወልጂ አሮጌውን ጎጆ አፍርሶ በቦታው የብሎኬት ቤት ሊሠራ ይፈልጋል። ደጉ ደግሞ «አባባ የተወለደበት ቤት አይነካም! ይታጠርና ሲመለስ ይገባበታል» እያለ ከዚህ ሆኖ ይጮኻል። ግንበኞቹ የእኔን ቃል ይጠብቃሉ፤ አንቺም በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እያዟዟርሽ ክረምቱን ገፋሽው። ያዘገየሁት ልቤ ለሁለት ተከፍሎብኝ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ደጉ እኔን የሚረታበት ዘዴ አመጣ። ኦሬንጅ ፋርም ያለውን ሱቁን ዘግቶ፣ «አባባ፣ ሰዎች የአባቶቻቸውን ቤት እንዴት እንደሚጠብቁ ዛሬ ላሳይህ» አለኝ። የወሰደኝ የት መሰለሽ? ዘፋኝ ቤት! ለዮፍታሄ እንዳትነግሪው። እሱ የመዘምራን መሪ ነው፤ የሚስቱ አያት በሰንበት ቀን ዘፋኝ ቤት ገባ ሲባል ከሰማ፣ ሳምንት ሙሉ ይጾምልኛል።

ሰውዬው ጆናስ ይባላል። ይህ ከተማ ሳይቆረቆር፣ አገሩ ገና እርሻ ሳለ ተወልዶ፣ የደረሳቸው ዘፈኖች ኋላ በየሠርጉና በየወርቅ ማውጫው ይዘፈኑ ነበር አሉ። የተወለደባት የጭቃ ቤት ለጎብኚ ተጠብቃ እስከ ዛሬ ቆማለች። በእኛ ቤት ልጅ ሲወለድ የቤቱ ሽማግሌ ምሰሶውን ቅቤ እንደሚቀባ ታውቂያለሽ። ታዲያ ሰው የተወለደበት ቤት ባዶ እጅ ይገባል? መንገዳችንን ዮቪል በሚባለው ሰፈር በኩል አስደርጌ ከእኛ ሰዎች ሱቅ ቅቤ አስገዛሁት።

«አባባ፣ ሰውዬው እኮ ከተወለደ መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው!»

«እና እስካሁን ቅቤ ያመጣለት የለም? ነውር ነው!»

በሩ ላይ ጎጎ ኖምሳ የምትባል ሴት ተቀበለችን። እዚህ አገር ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ ከእኔ ግን ታንሳለች፣ ጥርሷም ሙሉ ነው። ደጉ እየተረጎመልኝ ገባን። ማሰሮ፣ ጠባብ አልጋ፣ አንድ ወንበር፤ ሁሉም በገመድ ታጥሯል። መካከል ላይ እንደ እኛው ምሰሶ አለ። ቅቤዬን ፈትቼ እጄን ስዘረጋ ሴትዮዋ ጮኸች።

«አይነካም! ምሰሶውም ግድግዳውም አይነካም!»

«ሰው ካልተደገፈው ምኑን ግድግዳ ሆነ?» አልኳት። ደጉ አፍሮ ሳይተረጉመው ቀረ፤ እሷ ግን ከፊቴ አንብባው ሳቀች።

«እዚህ ማን ያድራል?»

«ማንም። እኔም ማታ ቆልፌ እሄዳለሁ።»

«ጆናስ ዘር አልተረፈውም?»

«እኔ አለሁ እንጂ! የአባቴ አያት ነው።»

«ታዲያ አንቺ የት ታድሪያለሽ?»

«ኪራይ ቤት። ከልጄና ከልጆቿ ጋር፣ በአንዲት ክፍል።»

ደጉ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። እኔ ያችን አልጋ አየኋት። አንጥፈዋታል፣ አሳምረዋታል፤ የሚሸናባት ሕፃን ግን የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለሰፈር ሁሉ አውሪልኝ። ቤቷ ያለችው ዳገት ላይ ነው፤ ትንፋሼ ትንሽ አጠረችና ጎጎ ኖምሳ ገመዱን በገዛ እጇ ፈትታ «ተቀመጥ» አለችኝ። ለሹማምንት እንኳ ያልተፈቀደው የጆናስ ወንበር ላይ፣ ፍሬዬ፣ አያትሽ ተቀመጠ! ደጉ ውሃ ፍለጋ ሮጠ፤ መደናገጥ ይወዳል። እሱ እስኪመለስ ሴትዮዋ ከጆናስ ዘፈኖች አንዱን በቀስታ አዜመችልኝ። ቃሉ ባይገባኝም ዓይኔን ከደን ከደን አደረገኝ። ልጆቿን ሁሉ ያስተኛችው በእሱ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ስትጨርስ ቅቤውን አሳየኋትና አናቴን ነካሁ። ገባት፤ ሻሿን ገልጣ ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ። ምሰሶው ቢከለከል የጆናስን ዘር ቀብቼ መረቅኋት።

ስንመለስ ደጉ መኪናውን ይነዳል።

«ተረታህ» አልኩት።

«አንተ መቼ ተረትተህ ታውቃለህ!» አለኝ።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው፤ አፍርሱት። የጣሪያው እንጨት ለማገዶ ይሁን፤ የግድግዳውን አፈር እንሰቱ ሥር ድፉት። ምሰሶውን ብቻ ዮፍታሄ አዲሱ ቤት ሳሎን ውስጥ ያቁመው። ልጁ ይደገፈው፣ ይቧጭረው፣ በምስማር ስሙን ይጻፍበት፤ እንዳትቆጡት። ደጉ ለእኔ አንድ ክፍል እንድትተዉ ይነዘንዛችኋል፤ አትስሙት። ልጁን አስተኙበት። ባዶውን የሚያድር አልጋ አንድ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ጌታ ምጥሽን ያቅልልሽ። ደጃችሁን በሚሮጥ እግር ይሙላው። ልጅሽ ዓይኑን ከአንቺ፣ ድምፁን ከአባቱ ይውሰድ፤ ተንኮሉን ግን ለእኔ ተዉልኝ፣ እኔ ሰጥቼዋለሁ።

አያትሽ ማናሴ

ይህንንም ልጨምር። ዮፍታሄ ምሰሶውን እንዳያጥበው። ልጁ የተወለደ ዕለት ቅቤውን እሱ ይቀባልኝ። እስከየት ድረስ ነው ቢልሽ፣ የእኔ እጅ ይደርስበት የነበረው ቦታ ጠቁሯል፤ ያገኘዋል።