ቀን ይሁን ሌሊት ላልነገሩን አለቃችን

ለተከበሩ የፊልም ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣ ደራሲና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደ ዓረፍተ ነገርዎ ማብቂያ የሌለው ይሁን። ሰሞኑን በቢሮዎ ደጃፍ ሳልፍ፣ «የስክሪፕት ፎርማት ለጀማሪ ነው፤ እኔ የምጽፈው ከሆዴ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አምኜዎታለሁ። ስክሪፕትዎ ከሆድ፣ ያውም ሳይፈጭ እንደ ወጣ ለቡድኑ ሳከፋፍል በዓይኔ አይቻለሁ።

አንደኛ፦ ሌሎች ደራሲዎች በየትዕይንቱ ራስጌ «ውጪ፣ ጣሪያ፣ ቀን» ብለው በአንዲት መስመር የሚገላገሉትን፣ እርስዎ ለእውቀታችን ክብር ሲሉ ስለተዉት አመሰግናለሁ። ልጅቷ አባቷን የምትሰናበትበትን ትዕይንት ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃውን ዘግተን ሌሊት አስመስለን ስንጠብቅዎ፣ መጥተው ጣሪያ ላይ በቀን መሆኑ «ከስሜቱ ይታወቃል» አሉን። ስሜት ማንበብ ያልተማርን መሃይማን ነንና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ብለን መብራቱን በጥድፊያ ስናወጣ፣ የመብራት ባለሙያችን የጠዋቱ ዝናብ ካረጠበው መሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሆስፒታል ድረስ መጥተው «ጥበብ መሥዋዕትነት ትጠይቃለች» ስላሉት ውለታዎ አይረሳም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፦ ንግግርና ድርጊትን ሳይለዩ በአንድ አንቀጽ አቅፈው ስላኖሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አባትን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ የተጻፈላቸውን አንዲት ቃል አያስቀሩምና፣ ልጃቸው ስትሰናበታቸው ዓይን ዓይኗን እያዩ «አባት ዝም ይላል» ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ። ይህ የድርጊት ማስታወሻ እንጂ ንግግር አይደለም ብልዎ፣ ፀሐይዋ ሄዳለች፣ አይደገምም አሉኝ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ የገጽ ቁጥር አለመኖሩን ይመለከት ነበር፤ ግን የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ማሳየት አልቻልኩም።

አሁን ቀልዱን ልተው። ቀጣዩን ፊልም የምንቀርጸው ግንባታው ያላለቀ ፎቅ ላይ ነው። የትና መቼ እንደሆነ በየትዕይንቱ ራስጌ ካልተጻፈ፣ ከእኛ አንድም ሰው መሰላል አይረግጥም። ተማምለናል።

ከሆዱ ሳይሆን ከመሰላሉ ሥር ሆኖ የሚጽፍልዎ፣
ትሑት ረዳት ዳይሬክተርዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ፊልሙን ከተመልካች ጋር ተቀምጬ አየሁት፤ ሕዝቡ ሲስቅብዎ ልይ ብዬ ነበር የገባሁት። አንጋፋው ተዋናይ «አባት ዝም ይላል» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ከጎኔ የተቀመጠው የመብራት ባለሙያችንም በደህናው እጁ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።