የሀሲና ሥራ

ኅዳር 6
ሞጣ። ደህና ገበያ ነበር። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ኮት ገለበጥኩ። ሀሲና ዛሬም ሱቅ መጥታ ዋለች። ቀኝ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደብቃ ታየኛለች።
"ክሩ ላላ" ትለኛለች ከወዲያ። እውነቷን ነው... ላልቷል።
ሚስቴ ጥልፍ ካቆመች ስምንት ወር ሆነ። ቢቸና ለሠርግ ሄደን የተሳፈርንበት ባጃጅ ተገለበጠ። እኔ ጉልበቴ ተላጠ፣ በቃ። የእሷ ሦስት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ለምን እሷን? የእኔ ጣት ቢሆን ምን ነበረበት?

ኅዳር 19
ጠበቃችን ሊድያ ከቢቸና ደወለች። ደምለው፣ የባጃጁ ባለንብረት፣ ለክሱ መልስ ሰጥቷል። አደጋውን አልካደም። "የቤት እመቤት ስለሆነች የቀረባት ገቢ የለም" ነው የሚለው።
"ደሞዝ ይከፍሏት ነበር፣ አቶ አብዱልዋሂድ?"
"ለሚስቴ?"
ሳቀች። "ችግራችን እሱ ነው። ደሞዝ ባይኖረውም ሥራ ሥራ ነው ያሉ ችሎቶች አሉ፤ ውሳኔዎቹን እያነበብኩ ነው። ግን ምን እንደምትሠራ ዳኛው ከሰው አፍ መስማት አለባቸው።"
ለሀሲና አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ?

ታኅሣሥ 8
መንገድ ተዘግቷል። የችሎቱ ቀጠሮ ለጥር ተላለፈ።

ታኅሣሥ 20
ሊድያ የላከችልኝን የደምለው መልስ ወረቀት አገኘችው። ቆማ አነበበችው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር...
"ሰው ሀሲና ምን ትሠራለች ሲልህ ምን ነበር የምትመልሰው?"
"ታግዘኛለች።"
"ታዲያ ደምለው ምን አጠፋ?"
ምሳ አቀረበችልኝ፣ በግራ እጇ።

ጥር 14
ቢቸና። ማልኩና ቆምኩ። የደምለው ጠበቃ ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን እንኳ አያነሳም።
"የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው?"
"በእኔ።"
"ባለቤትዎስ እዚያ ምን ነበሩ?"
ያቺው ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ዋጥኳት።
"ሰው የሚመጣው ለእሷ ጥልፍ ነው። እኔ ጨርቁን እገጣጥማለሁ። አንገቱን፣ እጅጌውን ጠልፋ ልብስ የምታደርገው እሷ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታግዘኛለች ስል ኖርኩ። ዋሽቻለሁ።"
ዳኛው ከመዝገባቸው ቀና አሉ። "በመሐላ ቆመው ዋሸሁ ይላሉ?"
"አሁን አይደለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ያኔ ነው።"
ሰው ሁሉ ሳቀ። ሀሲና አልሳቀችም። እጇን እንድታሳይ ሲጠይቋት ሻርፑን ራሷ ፈታች። ሰው ፊት ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።
ስንመለስ ግንደወይን ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሰው ሲወርድ ሲወጣ ያንን እጇን አንስታ ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው። እንዳታነሳው ፈርቼ እስከ ሞጣ አልተነቃነቅኩም።

የካቲት 2
ውሳኔ ሳይሰጥ ቀረ። ዳኛው ታመዋል አሉ። አላህ ይማራቸው።

መጋቢት 3
ተፈረደልን! ሊድያ በስልክ አነበበችልን፤ ድምፁን ከፍ አድርገን ሱቅ ውስጥ ሰማን። የቀረባት ገቢ ተሰልቶ ደምለው እንዲከፍል ተወሰነ። ሀሲና ግን ስለ ካሳው አንድም አልጠየቀችም።
"ሥራዬን ያነሱበትን ድገሚልኝ፣ ሊድያ።"
"'ከሳሽ በጥልፍ ሥራ የታወቀች ባለሙያ ነበረች።'"
"ነበረች?"
"አዎ... እንዲህ ነው የሚለው።"
"እሷ ቃል ላይ ይግባኝ ይባላል?"
ሊድያ ሳቋን ለቀቀችው። እኔም። ሀሲና ከምሯ ነው። ስልኩ ሳይዘጋ ነጭ ጨርቅ ከመደርደሪያው ጎትታ፣ መርፌውን በግራ እጇ ያዘች። ሲመሽ አንዲት የጥልፍ ቅጠል ወጣች። ጠማማ ናት። አየቻት፣ ፈታቻትና እንደገና ጀመረች።