ተዝካሩ ያልወጣለት

ሰኞ

አማቴ ካልሄድኩ ብለው ድርቅ ብለዋል። ጣልያን ከየቤተ ክርስቲያኑና ከየመኳንንቱ ቤት የዘረፈውን ብራናና ፎቶግራፍ ከልደታ በታች ባለው የድሮ ተማሪ ቤት ሰብስቦ ሰው ይየው ብሏል። ባሌ እዚያ አስተማሪ ሳለ የተነሳው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ እንደነበረ እማማ አይረሱም። ለቅሶው ላይ ፎቶግራፍ አጥተን በርኖሱን ይዘን ነበር ያለቀስነው። መልኩን አንዴ ልየውና ልሙት ይላሉ።

እኔ የማውቀውን እሳቸው አያውቁም። ልጃቸው አልሞተም፤ ዱር ነው። ጣልያኖች ቤታችንን እንዳያምሱት ብዬ ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን ደቃ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይህን ወረቀት ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ።

ማክሰኞ

ቀድሜ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ምነው እግሬን በሰበረው። ስንት ሰው የተሳለመው ተአምረ ማርያም የባዕድ ቁጥር ተለጥፎበት እንደ ሱቅ ዕቃ በመስታወት ሥር ተጋድሟል። ገጹ ላይ የጧፍ ጠብታ አለ። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት። ቀጥሎ ፎቶግራፎች፦ ካባ የለበሱ መኳንንት፣ ሙሽሮች፣ ተማሪዎች። የባሌ የድሮው የለም።

የመጨረሻው ግድግዳ ላይ ግን ቆሟል! አዲስ ፎቶግራፍ ነው። ጠመንጃ ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር። ከማን እጅ እንዳገኙት እንጃ። ጺሙና ጎፈሬው አድገው ሌላ ሰው መስሏል፤ ከእኔና ከእናቱ በቀር ማንም አይለየውም።

ጥጉ ላይ ጎረቤታችን ደምሴ ተቀምጧል፤ የጣልያን አስተርጓሚ። ሰፈራችን የገባው ከጣልያን ወዲህ ስለሆነ ባሌን አያውቀውም። ፎቶግራፉን አያይም፤ የሚያየውን ሰው ፊት ነው የሚያየው። ያኔ ገባኝ፤ ዘመዶቻቸውን ማጥመጃ ነው። እያዛጋሁ አለፍኩ።

ረቡዕ

ለእማማ ተዘግቷል ብዬ ዋሸሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዎች ክፍት ነው ብለው ነግረዋቸዋል። ኩርፊያ!

ልንገራቸው? እሳቸው ሆዳቸው ምስጢር አይችልም፤ እልል ይሉብኛል። ካልነገርኳቸው ደግሞ እዚያው ግድግዳው ሥር "ልጄ!" ይሉና ጉድ ይፈላል። ነገ በጠዋት እነግራቸዋለሁ። ቆርጫለሁ።

ሐሙስ

ውሃ ቀድቼ ስመለስ መደባቸው ባዶ ነው። ነጠላዬን ሳላስተካክል ሮጥኩ። ስደርስ ከመጨረሻው ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ደምሴ ከወንበሩ ተነስቷል።

"እናቴ፣ ከነዚህ ውስጥ የሚያውቁት አለ?" አላቸው፣ ማር በሆነ ድምፅ።

"ዓይኔ ፈዟል ልጄ። ሽፍታ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ" አሉት።

ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። እጄን ይዘው ወደ ቤት አዞሩኝ።

ቤት ገብተን በሩን ዘግቼ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

"ፍትሐት ሳታስደርጊለት ስትቀሪ። ተዝካሩንም ዛሬ ነገ ስትይ። በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት ማድረግ ፈርታ ነው አልኩ።"

እውነታቸውን ነው። ሰው ማስለቀስ ችያለሁ፤ የክርስትና ስሙን ከሙታን ጋር እንዲጠሩት መስጠት ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ታዲያ ፎቶግራፉን ለምን ፈለጉ ብላቸው፣ የአርበኞችም ፎቶግራፍ ተሰቅሏል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዓይኔ ሳያየው እንዴት ልመን አሉኝ። እኔ ነኝ የእሳቸው ሆድ ምስጢር አይችልም ያልኩት!

ዓርብ

ዛሬ ደምሴ ደጃችን ቆመ። ሰላምታው ረዘመ፤ የእማማን ጤና፣ የእህሉን መወደድ አወራ። ከዚያ፣

"የባለቤትሽ ተዝካር መቼ ነበር? ሳልሰማ ቀረሁ" አለኝ።

"ለመጪው ልደታ ነው" አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። እህል አጥተን ነው የቆየነው አልኩ። እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

እማማ ሰሙን። ጌሾውን አውርደው መውቀጥ ጀመሩ። ቆይተው፣ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል አሉ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ነገ ቄሱ ዘንድ ሄጄ የክርስትና ስሙን እሰጣለሁ። ባሌ በሕይወት አለ፤ እኔ ተዝካሩን እየደገስኩ ነው።