ከአስፋልቱ ማዶ

ሰኞ

ልጄ ራህመት ዛሬም ዘግይታ መጣች። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ አስፋልቱንም አትሻገርም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ያቆያታል? መምህርት አቆየችን አለች። ጓደኛዋ ከድጃ ግን ቀድማ ገብታለች። የራህመት እጅ ላይ ካራሜላ ነበር። ማን ሰጠሽ ብላት ከኋላዋ ሸሸገችው። ከእኔ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

ማክሰኞ

በርበሬዬን ለእህቴ ትቼ ከገበያ በጊዜ ወጣሁ። በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቆሜ አየሁ።

ዙበይዳ ናት። ጎረቤቴ። ባለፈው ክረምት ልጄን ናስሬን ሽንኩርት ግዛልኝ ብላ ከአስፋልቱ ማዶ የላከችው። ወደ እንሴኖ የሚሄድ አይሱዙ ገጭቶ ገደለው። ከዚያ ወዲህ አላናገርኳትም።

ግቢው ውስጥ ቆማ ልጆቹን በየተራ ትጠራለች። ነይ ልላክሽ ትላለች። ሳንቲም ታስይዛለች፣ ካራሜላ ትሰጣለች። የእኔም ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች።

አንዱ አልበቃትም? ልገባ ብዬ ከአጥሩ ተመለስኩ።

ራህመትን ማታ ጠየቅኳት። ታለቅሻለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አለች።

ረቡዕ

ለጠብ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። አስተማሪዋ መምህርት አልማዝ ከጎንደር የመጣች ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። ስለ ጥንቃቄ እያስተማርኳቸው ነው አለች። የተበጠሰ ሽቦ አትንኩ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አጠገብ አትጫወቱ፣ ከመሻገራችሁ በፊት ግራና ቀኝ እዩ። ልጆቹ ይህን ቶሎ ያዙት። አዋቂ ሲልካቸው ግን ሁሉንም ረስተው ይሮጣሉ። ስለዚህ እምቢ ማለትን አለማምዳቸዋለሁ አለች። እምቢ ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ካራሜላውን ተቀብሎ የሮጠ ይቆያል።

ራህመት አንድም ቀን እምቢ አላለችም።

ዙበይዳን ማን ጠራት አልኩ። ራሷ ናት የመጣችው አለች መምህርቷ። «ላኪዋ እኔ ልሁን፤ እኔን እምቢ ካሉ ማንንም እምቢ ይላሉ አለችኝ።»

አላመንኩም። ስሟን ልታጸዳ ይሆናል። ሰፈሩ እንዲያዝንላት ይሆናል።

ሐሙስ

ሲላክ እምቢ የሚል ልጅ በእኛ ሰፈር እናቱን ያሰድባል። ናስሬ ማንንም እምቢ ብሎ አያውቅም። ውሃ፣ ክብሪት፣ የሞባይል ካርድ። የላከው ሁሉ «እደግ» ይለው ነበር። ከእሱ ወዲህ ይህን ቃል ለራህመት ማለት አልቻልኩም፤ አፌ ላይ ይደርቃል።

ዙበይዳ በአጥሩ በኩል አሰላሙ አለይኩም አለችኝ። ሳልመልስ ገባሁ። ምን ፈልጋ ነው?

ዓርብ

ራሴ ካላየሁ አላርፍም ብዬ ራህመትን ፈተንኳት። ጨው ቤት ውስጥ ሞልቷል። ማዶ ካለው ሱቅ ጨው አምጪ አልኳትና ሳንቲም ሰጠኋት። ልትሻገር ካለች ሻሿን ይዤ ላስቀራት ከኋላዋ ተከተልኳት።

እስከ በሩ ሮጠች። ከዚያ ቆመች። በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና አየች፣ እኔን አየች።

«እማ፣ ብትቆጪም ከአስፋልቱ ማዶ አልላክም።»

ሳንቲሙን እጄ ላይ መለሰችው። በጥፊ የምመታት መስሏት ዓይኗን ጨፍናለች።

«እደጊ» አልኳት። ወጣልኝ።

ቀና ስል ዙበይዳ በሯ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር። እንደ ትናንቱ አሰላሙ አለይኩም አለች፤ ድምጿ ግን ብዙም አይሰማም።

ወአለይኩም ሰላም አልኳት። በሩን አልከፈትኩላትም። አልዘጋሁባትምም።