የጋራ ማመልከቻ፦ አይደለም

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለት መቶ ሰባ ልጅ ምሳ አበላን፤ ግማሹን ዓሣ መሬት ላይ በትነውት ሄዱ። ወገቤ...

ማታ ከግሌን ጋር ሶፋ ላይ ተጠጋግተን ልንገዛው ላየነው ቤት ብድር ጠየቅን። ሁሉም ነገር በስልክ ነው። የሁለታችን ስም፣ ደመወዝ፣ አድራሻ። አሥር ደቂቃም አልፈጀ። «በመርህ ደረጃ ሊፈቀድልዎ ይችላል» አለ ባንኩ። ግሌን ብድግ ብሎ ሳመኝ። አትመን ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ኖረን፣ በመጨረሻ!

ረቡዕ፣ ማርች 5

የወጥ ቤቱ አለቃችን ቢቨርሊ ሳቀችብኝ።

«መጋረጃ ገዛሽ እንዴ?»

«ኧረ... መስኮቱን ለካሁ እንጂ።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቀላሉ ፍተሻ ነው። ባንኩ በመስኮት አጮልቆ አየሽ እንጂ ግቢ አላለሽም።»

ምን አስቀናት? ድንቹን መላጤን ቀጠልኩ።

ሰኞ፣ ማርች 10

የብድር አማካሪዋ ጋ ሄድን። ሎሬይን ትባላለች። ቢቨርሊ ልክ ነበረች ለካ።

«እስካሁን የተደረገው ቀላል የብድር ታሪክ ፍተሻ ነው። ሌላ ባንክ አያየውም፤ የብድር ነጥባችሁንም አይነካም። ሙሉውን ማመልከቻ ስናስገባ ግን ከባዱ ፍተሻ ይመጣል። እሱን አበዳሪ ሁሉ ያየዋል።»

ከዚያ የእኔን ጉድ አነሳች። የዛሬ አራት ዓመት ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ያመለጡኝን የክሬዲት ካርድ ክፍያዎች። «ትንሽ ይጎትታችኋል፤ ግን የሚያልፍ ይመስለኛል» አለች። እፍረቴ... መኪና ውስጥ ግሌንን «ተናደድክ?» አልኩት። «ኧረ ምን ያናድደኛል» አለ።

የየራሳችንን የብድር ታሪክ አትመን እንድናመጣ አዛናለች።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ግሌን እንዲህ ያለ ነገር ይሰለቸዋል። «የእኔንም አንቺው አትሚልኝ፣ የኔ ቆንጆ» ብሎ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ሰጠኝ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አተምኩ። ገጾቹን ሳስተካክል መጨረሻው ላይ ዓይኔ አረፈ። «እርስዎ ብቻ የሚያዩዋቸው ፍተሻዎች» ይላል። ቀላሎቹ ፍተሻዎች ለካ ለባለቤቱ ይታያሉ።

ማርች 4። የቤት ብድር። የጋራ ማመልከቻ፦ ነው።

ማርች 11። የቤት ብድር። የጋራ ማመልከቻ፦ አይደለም።

ማርች 16። የቤት ብድር። የጋራ ማመልከቻ፦ አይደለም።

አሥራ አንደኛው ቀን... ሎሬይን ጋ በሄድን ማግስት መሆኑ ነው። አሥራ ስድስት ደግሞ እሑድ ነበር። እናቱ ቤት ጥብስ በልተን እኔ ከእናቱ ጋር ሳህን ሳጥብ እሱ ሳሎን ስልኩን ይዞ ተጋድሞ ነበር። ኳስ የሚያይ መስሎኝ!

ሌላ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ወረቀቱን ሰብስቤ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ማርች 21

ጠየቅኩት። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም፤ የባሰው እሱ ነው።

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«ምኑን?»

«ያላንቺ ስንት እንደሚሰጡኝ። ምን አለበት? ቀላሉ ፍተሻ ምልክት እንኳ አይተውም እኮ!»

«ቅድመ ክፍያውን ከየት ልታመጣ?»

«ከጋራ ሂሳባችን ነዋ።»

ነዋ! ከግማሽ በላዩ የእኔ ነው። ስድስት ዓመት ለእረፍት የትም ሳልሄድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ቢሮ እየጠረግኩ ያጠራቀምኩት።

«እኔስ? እኔ የት ነበርኩ በዚያ ቤት ውስጥ?»

«አብረሽኝ ትኖሪ ነበራ።»

በእሱ ቤት። በእኔ ገንዘብ። በእንግድነት። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ የምሬን ነው። ለእሱ ሂሳብ ነው። ለዚህ ሰው ነው ያን ሁሉ ሸሚዝ የተኮስኩት?

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ለሎሬይን ደውዬ ከማመልከቻው ስሜን አውጪልኝ አልኳት። «ለምን» አላለችም። ስንቱን አይታ ይሆን?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ግሌን እናቱ ቤት ገባ። ቴሌቪዥኑን ወሰደ።

ሰኞ፣ ሜይ 12

የጋራ ሂሳቡ ተዘጋ። ያስገባሁትን በደረሰኝ ቆጥሬ ተቀበልኩ። ልንገዛው የነበረውን ቤት ሌሎች ገዙት አሉ፤ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ።

ሎሬይን ራሷ ደወለችልኝ። «ሂሳቡ ቢዘጋም የብድር ታሪክዎ ላይ ስምዎ ከግሌን ስም ጋር እንደተያያዘ ነው። ወደፊት ለብቻዎ ሲያመለክቱ አበዳሪዎች የእሱንም ታሪክ ሊያዩ ይችላሉ። ትስስሩ እንዲቋረጥ ይጠይቁ፤ ፎርም አለው።»

ሞላሁት። የእኔ ስም። የእሱ ስም። አብራችሁ ትኖራላችሁ? አይ። የጋራ ሂሳብ አላችሁ? አይ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ሳንጋባ ስለኖርን ፍቺ የሚባል የለንም፤ ዳኛም ፊርማም የለም። አሥራ አንድ ዓመታችን ማለቁን የሚናገር ወረቀት ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ምክንያቱን የሚጠይቅ ቦታ ፈለግኩ። የለውም። ላክሁት።